ሁሉም ልጅ ሜዳ ይግባ
ለሰፈር ቅርጫት ኳስ ሊግ ደንብ ለሚያወጡ ወላጆችና ወጣቶች

ልጆቻችን መጫወት አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለው ጥያቄ ዛሬ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ቆመው እንደተመለከቱ፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) አብራ እንድታይ እንዳደረጉ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ‹‹ልጆቻችን የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ደንብ ይጫወቱ?›› የሚለውን ነው።

ጎሮን እንውሰድ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ ማሳ ይታይበት የነበረው ይህ የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ ዛሬ የአይ.ሲ.ቲ. ፓርኩ፣ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎችና የሪል እስቴት ቤቶች የሞሉበት ሰፊ መንደር ሆኗል። ከመርካቶ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከክፍለ ሀገርም የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ልጆቻቸው ግን አይተዋወቁም። የእግር ኳስ ሜዳ የሚሆን ባዶ ቦታ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዷል። ቅርጫት ኳስ ግን በጠባብ ቦታ ይበቃዋል። አንድ ምሰሶ፣ አንድ ቀለበትና 15 በ11 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ወለል ካለ በዓለም አቀፍ ደንብ ሦስት ለሦስት መጫወት ይቻላል። ይህ የግማሽ ሜዳ ጨዋታ 10 ደቂቃ ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ እስከሚገባ ድረስ የሚካሄድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል።

ወጣቶች ተሰብስበው ‹‹ሊግ እንመሥርት›› ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ማሊያ፣ ቀጥሎም ዋንጫ ነው። ደንብ የሚታወሰው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው። ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚወጣ ደንብ ደግሞ አንዱን ለመጥቀም ሌላውን ለመጉዳት የወጣ ስለሚመስል ማንም አያምነውም። ደንብ መውጣት ያለበት ማን እንደሚያሸንፍ ማንም በማያውቅበት ጊዜ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ነው።

ከደንቡ ጋር የተወለደ ጨዋታ

ቅርጫት ኳስ ሲፈጠር አንሥቶ ደንቡ አብሮት ነበረ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የስፖርት መምህር ብርድ ከቤት ያስቀራቸውን 18 ተማሪዎቹን የሚያጫውትበት ዘዴ ይፈልግ ነበር። ሁለት የኮክ መያዣ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቀለ፤ 13 ደንቦችንም ጽፎ ለጠፈ። ስሙም ከእነዚያ ቅርጫቶች መጣ።

ከ13ቱ ደንቦች ብዙዎቹ ስለ ማሸነፍ የሚናገሩ አልነበሩም። ኳስ ይዞ መሮጥ፣ በትከሻ መግፋት፣ ሰው መያዝና ማደናቀፍ ተከለከለ። ሁለተኛ ጥፋት የሠራ ተጫዋች ቀጣዩ ኳስ ቅርጫት እስኪገባ ድረስ ከሜዳ ይወጣ ነበር። መምህሩ ያሰበው ልጆቹ እንዲንቀሳቀሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰባበሩ ነው። ይህ ሰው በኋላ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ባሠለጠነባቸው ዓመታት 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበለጠ አሠልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ግን የጨዋታው ፈጣሪ የሚል ክብሩን አልቀነሰበትም።

እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቭ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ዛሬ የሚያወጣው ደንብ ዝርዝር ነው። ሜዳው 28 በ15 ሜትር፣ ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር፣ ጨዋታው 10 ደቂቃ የሆኑ አራት ክፍለ ጊዜዎች፣ አንድ ቡድን ኳስ ይዞ ለመወርወር ያለው ጊዜ 24 ሰከንድ ነው። ይህ ለክለቦች የተሰፋ ልብስ ነው። የሰፈር ልጅ ሲለብሰው ይሰፋዋል። ስለዚህ የጨዋታውን አጥንት ይዘን ሌላውን በልጆቻችን ልክ እንቁረጠው።

ማን ከማን ጋር?

አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ከዕድሜ ነው። የ16 ዓመት ጎረምሳ ከ12 ዓመት ልጅ ጋር ሲሰለፍ ጨዋታው ገና ሳይጀመር አልቋል። በዚህ ረገድ ከረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የምናገኘው ትምህርት አለ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ረሡል የፈረስ እሽቅድምድም ሲያዘጋጁ ለውድድር የሠለጠኑትን ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ፣ ያልሠለጠኑትን ደግሞ ከሠኒየተል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ ድረስ አወዳደሩ። የመጀመሪያው ርቀት 5 ወይም 6 ማይል፣ ሁለተኛው 1 ማይል ያህል እንደነበር ከዘጋቢዎቹ አንዱ ተናግረዋል። የሠለጠነው ከሠለጠነው፣ ያልሠለጠነውም ከአቻው ጋር ማለት ነው። ኢብኑ ዑመር ራሳቸው በ14 ዓመታቸው ለኡሑድ ዘመቻ ቀርበው አልተፈቀደላቸውም፤ በ15 ዓመታቸው ለኸንደቅ ተፈቀደላቸው። ለእንስሳ እንኳ እንዲህ የታሰበ ከሆነ ለልጆቻችን ምን ያህል ልናስብ ይገባ ይሆን?

ለሰፈር ሊግ ሦስት ምድብ ይበቃል፤ ከ9 እስከ 11፣ ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ዓመት። ዕድሜ የሚቆጠርበት ቀን አንድ ይሁን፤ መስከረም 1 ለሁሉም ይመቻል። ማስረጃን በተመለከተ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ አንዳንድ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል። ለእነርሱ የትምህርት ቤት ካርድና የወላጅ ቃል ይበቃል። ዕድሜ ዋሽቶ የተገኘ ልጅ ግን ወደ ትክክለኛ ምድቡ ይዛወር እንጂ አይባረር፤ አብዛኛውን ጊዜ የዋሸው እሱ አይደለም፤ ያዋሸው ትልቅ ሰው ነው።

ኳሱም ቀለበቱም በዕድሜ ልክ ይሁን። ፊባ ለትንንሽ ልጆች ባወጣው ደንብ ቀለበቱ 2 ሜትር ከ60፣ ኳሱም ቁጥር 5 ነው። ለሴት ልጆችና ለመካከለኛው ምድብ ቁጥር 6፣ ለትልልቆቹ ወንዶች ቁጥር 7 ኳስ እንጠቀም። ቀለበቱ ተበይዶ የማይወርድ ከሆነ ኳሱን ማሳነስና የቅጣት ውርወራ መስመሩን ከ4 ሜትር ከ60 ወደ 4 ሜትር ማቅረብ ይቻላል። ትንሽ ልጅ በትልቅ ኳስና በረጅም ቀለበት ሲጫወት የሚማረው ኳሱን ከወገቡ እየወረወረ መሳትን ነው።

ቡድን ሲመሠረት ጓደኛ ጓደኛውን አይምረጥ። አራት አሠልጣኞች ካሉ ሁሉም ልጆች አንድ ቀን ሲጫወቱ ይመልከቱ፤ ከዚያም ተራ በተራ ይምረጡ። በመጀመሪያው ዙር ከአንደኛው እስከ አራተኛው፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ከአራተኛው ወደ አንደኛው ይመለሱ። እንዲህ ሲሆን የመጨረሻ ዕጣ የደረሰው ሁለት ልጆችን በተከታታይ ስለሚመርጥ ቡድኖቹ ይመጣጠናሉ። ወንድማማቾችና ትራንስፖርት የሚጋሩ ልጆች ብቻ በአንድ ቡድን እንዲሆኑ ይፈቀድ።

አግዳሚ ወንበሩ

ለመዝናኛ ሊግ አንድ ደንብ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ‹‹የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ይጫወታል›› የሚለውን ነው። እናቱ ከአስቤዛ ቀንሳ ጫማ የገዛችለት ልጅ አራት ቅዳሜ ማሊያ ለብሶ ተቀምጦ ከተመለሰ አምስተኛው ቅዳሜ ላይ አናገኘውም። ያጣነው አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ብቻ አይደለም። እሱ ‹‹አልረባም›› የሚለውን ትምህርት ተምሮ ሄዷል፤ ያንን ያስተማርነውም እኛ ነን።

‹‹በቂ ጊዜ ይሰጠው›› የሚል ልል ቃል ግን አይሠራም፤ አሠልጣኙ በጭንቅ ሰዓት ይረሳዋል። ደንቡ በቁጥር ይጻፍ። ጨዋታው አራት ክፍለ ጊዜ፣ በሜዳ ያሉት አምስት ተጫዋቾች ከሆኑ የሚከፋፈሉ 20 ቦታዎች አሉ። ቡድኑ 10 ልጆች ካሉት እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይደርሰዋል። 8 ከሆኑ ሁሉም ሁለት ይጫወቱና የቀሩትን አራት ቦታዎች አራት ልጆች ይወስዳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የሌሎቹ አራት ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ከ10 ልጅ በላይ አይመዝግብ። ቅያሪው በክፍለ ጊዜ መሐል ሳይሆን በመጨረሻው ላይ ይሁን፤ ነጥብ መዝጋቢው በየክፍለ ጊዜው የገቡትን አምስት ስሞች ይጻፍ። አንድ ልጅ ድርሻውን ሳያገኝ ከቀረ ነጥቡ ምንም ይሁን ምን ቡድኑ እንደተሸነፈ ይቆጠር። ይህ ከባድ ይመስላል፤ ግን አንድ ጊዜ ከተፈጸመ ሁለተኛ አያስፈልግም።

የነጥብ ልዩነቱ 20 ሲደርስ መሪው ቡድን ከግማሽ ሜዳ ወዲያ ሄዶ ኳስ መንጠቁን ያቁም፤ በራሱ ግማሽ ሜዳ ይከላከል። ለትንሹ ምድብ ይህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይከልከል። ኳስ ማንጠር ገና የሚለማመድ ልጅ ሜዳውን ተሻግሮ ለመወርወር እንኳ ዕድል ማግኘት አለበት።

ሰዓት፣ ሶላትና ጾም

የመርሐ ግብር ሰዓት ትንሽ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ በዓመቱ ውስጥ የቀኑ ርዝመት ብዙ ስለማይለዋወጥ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜም ብዙ አይለዋወጥም። ስምንት ደቂቃ የሆኑ አራት ክፍለ ጊዜዎች፣ አምስት ደቂቃ የግማሽ ጊዜ ዕረፍትና ሁለት የአንድ ደቂቃ ዕረፍቶች ሲደመሩ 39 ደቂቃ ይሆናሉ። ኳስ ሲወጣ ሰዓቱ አይቁም፤ የሚቆመው በመጨረሻው 1 ደቂቃ ብቻ ይሁን። በዚህ ስሌት 10 ሰዓት ከ15 ላይ የጀመረ መርሐ ግብር ሁለት ጨዋታ አጫውቶ ከመግሪብ አዛን በፊት ይጠናቀቃል። ‹‹ትንሽ ነው የቀረን›› እየተባለ ሶላት እንዳያልፍ ሰዓት ያዡ የመዝጊያውን ሰዓት ቀድሞ ያስታውቅ።

ጎሮ የሙስሊሙ ብቻ አይደለችም። በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቶች ነን፤ የጎረቤት ልጅ በቡድኑ ውስጥ ካለ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የእኛም ልጅ ቅዳሜ ጠዋት መድረሳ አለበት። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ማንም አይጎዳም። በፈተና ሳምንት ሊጉ ይረፍ። በክረምትም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የእግር መሰበር ስለሚመጣ ዝናብ እንደጀመረ ዳኛው ያቁመው፤ ያለቀ ክፍለ ጊዜ ካለ ነጥቡ ይያዝ፣ የቀረው በሌላ ቀን ይቀጥል።

በረመዷንስ? ብዙ ወጣቶች የሐኪም ኦላጁወንን ስም ያነሣሉ። እውነት ነው፤ ናይጄሪያዊው ሐኪም በኤን.ቢ.ኤ. ለሂዩስተን ሮኬትስ ሲጫወት ረመዷንን እየጾመ ይሰለፍ ነበር፤ ረመዷን በዋለበት በፌብሩዋሪ 1995 (እ.ኤ.አ.) የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ በዚያው ዓመት ቡድኑ ለሁለተኛ ተከታታይ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ግን ሐኪም ጎልማሳ ነው፤ በዙሪያውም ሐኪሞችና አሠልጣኞች ነበሩ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ጾምን ገና የሚለማመድን የ12 ዓመት ልጅ በፀሐይ ማሯሯጥ ጀግንነት አይሆንም። ሊጉ ለአንድ ወር ይዘጋ፤ በዒድ ሰሞን በወዳጅነት ጨዋታ ይከፈት።

ዳኛው ልጃችን ነው

ፋውል ቀላል ይሁን። አምስት ፋውል የሠራ ይወጣል። ቡድኑ በአንድ ክፍለ ጊዜ አራት ፋውል ካለፈ ከአምስተኛው ጀምሮ ተጋጣሚው ሁለት የቅጣት ውርወራ ያገኛል። ይህ የፊባም ደንብ ነው። ለትንሹ ምድብ ግን ዳኛው ከመቅጣቱ በፊት ጥፋቱ ምን እንደሆነ ለልጁ በአጭሩ ይንገረው፤ በመዝናኛ ሊግ ፊሽካ የመምህር ኖራም ነው።

ከጨዋታ ጥፋት የሚለየው የምላስ ጥፋት ነው። የእናት ስድብ፣ የብሔርና የሃይማኖት ስድብ፣ በአካል ጉድለትና በቁመት መቀለድ ማስጠንቀቂያ የማይፈልግ ጥፋት ተብሎ ይጻፍ፤ ተሳዳቢው ወዲያው ይውጣ፣ የሚቀጥለውንም ጨዋታ አይጫወት። እጅ የሰነዘረ ሁለት ጨዋታ ይቅር። ዳኛን የሚያነጋግረው አምበሉ ብቻ ይሁን። ቅሬታ ካለ ከጨዋታው በኋላ ለሦስት ሰዎች ኮሚቴ ይቅረብ፤ በክርክሩ ውስጥ ልጅ ወይም ዘመድ ያለው ሰው በዚያ ጉዳይ አይቀመጥ።

ዳኞቹ ከየት ይምጡ? ከትልቁ ምድብ። የ16 ዓመት ወጣት የ10 ዓመት ልጆችን ሲዳኝ ደንቡን ከማንም በላይ ይማረዋል፤ ኃላፊነትም ይቀምሳል። ተሳስቶ ሊያፏጭ ይችላል፤ ግን አንድ አባት ከዳር ሆኖ ሲጮህበት የምናጣው ያንን ወጣት ነው። ስለዚህ ደንቡ ወላጅንም ይመለከታል፤ ዳኛን የተሳደበ ወላጅ ከሜዳው ይውጣ፤ እስኪወጣም ጨዋታው ይቁም።

እህቶቻችንስ?

ብዙ ጊዜ ‹‹ሴቶቹ አይፈልጉም›› ይባላል። መጀመሪያ በሩን ማን እንደዘጋው እንጠይቅ። የፊባ ደንብ የራስ መሸፈኛን ይከለክል በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 በደቡብ ኮርያ ኢንቾን በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች የኳታር ሴቶች ቡድን ሒጃባችሁን አውልቁ ሲባሉ ውድድሩን ጥለው ወጡ። በዚያው ዘመን ቢልቂስ ዐብዱልቃዲር የተባለች አሜሪካዊት ሙስሊም በአውሮፓ ለመጫወት ስትዘጋጅ ይኸው ደንብ አገዳት። የሚያስገርመው ቢልቂስ ቅርጫት ኳስ የተወለደባት የስፕሪንግፊልድ ልጅ መሆኗ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውድድር 3,070 ነጥብ አስቆጥራ የማሳቹሴትስን ክብረ ወሰን ሰብራለች። እርሷና ሌሎች ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የፊባ ጉባዔ በሆንግ ኮንግ ደንቡን ለወጠ፤ ለውጡም ከኦክቶበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለቢልቂስ የሙያ ዘመን የዘገየ ቢሆንም ከእርሷ በኋላ ለሚመጡት በሩ ተከፈተ።

እንግዲህ ዓለም የከፈተውን በር እኛ በጎሮ አንዝጋው። ለሴት ልጆች የራሳቸው ቀንና ሰዓት፣ ሴት አሠልጣኝና ሴት ዳኛ ይመደብላቸው፤ ከተቻለ መንገደኛ የማያየው ግቢ ይመረጥ። ሰዓታቸው ወንዶቹ ከተጫወቱ በኋላ የሚተርፈው አይሁን። ሒጃቡ የሚለጠጥ፣ መርፌና ስፒል የሌለው፣ ጫፉ የማይንጠለጠል ይሁን፤ ይህ ለደኅንነት ነው። ረጅም እጅጌና ሱሪም የማሊያው አካል ተብሎ በደንቡ ይጻፍ። ለወንዶቹም ቢሆን ቁምጣው ጉልበት የሚሸፍን ይሁን።

ገንዘብና ዋንጫ

መዋጮ ለኳስ፣ ለመረብ፣ ለፊሽካ፣ ለቁስል ማሰሪያና ለውኃ ይውላል። መክፈል የማይችል ልጅ ስሙ ሳይጠራ ይመዝገብ፤ ማን እንደከፈለ የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ይሁን። ሒሳቡ በየወሩ ለወላጆች ይነበብ።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ቡድኖች እኩል ገንዘብ አዋጥተው ‹‹ያሸነፈ ሁሉንም ይውሰድ›› ማለታቸው በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ይህ ዑለማዎች ከቁማር የሚቆጥሩት ውርርድ ነው። ሽልማት ካስፈለገ ከተወዳዳሪዎቹ ኪስ ሳይሆን ከሌላ በጎ አድራጊ ይምጣ፤ ገንዘብ ከሚሆንም ደብተርና መጽሐፍ ይሁን። ለአሸናፊው ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ላልቀረ፣ ለተሻሻለና ጠባዩ ላማረም ይሰጥ።

መሸነፍም ትምህርት ነው። የረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ዐድባእ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ መጥቶ ሲቀድማት ሙስሊሞች ከፋቸው። ረሡል ግን በዚህች ዓለም ከፍ ያለን ነገር ሁሉ አላህ ዝቅ እንደሚያደርገው ነግረው አጽናኗቸው። ሁለቱም ቡድኖች ከፊሽካው በኋላ ተሰልፈው እጅ እንዲጨባበጡ የሚያዝ ደንብ ይህንን ያስተምራል።

ውድ ወላጆች! ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ መጻፍ ይቻላል። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ልጆችና ወላጆች በተሰበሰቡበት ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ያልገባው ይጠይቅ፤ የማይስማማ ሐሳቡን ይስጥ፤ ከዚያም ሁሉም ይፈርሙ። በዓመቱ መጨረሻ ሊጉ ተሳክቶለት እንደሆነ ለማወቅ የዋንጫውን ባለቤት አትጠይቁ። የመዝገቡን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ አስተያዩ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ የተመዘገቡት ልጆች በመጨረሻውም ቅዳሜ ካሉ ደንቡ ሠርቷል። አላህ ልጆቻችንን በጤናና በመልካም ጠባይ ያሳድግልን። አሚን።